የቡሬን በርበሬ በዓይን አይቀምሱትም

እኛ ከተሜዎች በርበሬ ስንገዛ ጨርቅ የምንገዛ ነው የምንመስለው። ዛላውን ወደ ብርሃን አዙረን «ይቀላል ወይ?» እንላለን፤ «ያቃጥላልስ?» ብለን እንጨምራለን፤ በቃ። ለቡና ሲሆን የሐረሩን ከይርጋ ጨፌው ለይተን የምንከራከር ሰዎች፣ በየዕለቱ ለምንበላው በርበሬ ሁለት ቃል ብቻ ይዘን መቅረታችን ይገርመኛል። ደግሞም ሁለቱ ቃላት አይገናኙም፤ የሚያቀላው ንጥረ ነገር ሌላ፣ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ሌላ ነው። በዓይን ብቻ የሚገዛን ሰው በጡብ ዱቄት ማታለል ታዲያ ምን ይቸግራል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ይዤ፣ ፍኖተ ሰላምን አልፌ ቡሬ የገባሁት በታኅሣሥ ነበር፤ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል። ያረፍኩባቸው እናት በትንሽ ጣባ የበርበሬ ብጥብጥ አቀረቡልኝና «በል እስቲ ቅመሰው ልጄ፤ ጨውና ውኃ ብቻ ነው» አሉኝ። ቀመስኩት። መጀመሪያ ጣፈጠኝ፤ ቀጥሎ የደረቀ ፍራፍሬ የመሰለ ሽታ መጣ፤ ማቃጠሉ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሲደርስም ጉሮሮ አልያዘኝም። አዲስ አበባ ስበላው የኖርኩት በርበሬ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ቅመም አልጠላም። ነገር ግን ደካማ ድርሰት በቅጽል ብዛት እንደሚሸፈን ሁሉ፣ ደካማ ዛላም በቅመም ብዛት ይሸፈናል።

ጣዕሙ ደግሞ በዋዛ አይገኝም። ገበሬው ችግኙን በመደብ አፍልቶ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ያዛውራል። ውኃ የተኛበት መሬት ከሆነ ሥሩ ይበሰብስና ተክሉ ቆሞ ይጠወልጋል፤ የዓመት ልፋት እዚያው ይቀራል። ፍሬው በአንድ ቀን አይቀላም፤ እየተመላለሱ መልቀም ነው። ዋጋ ይሻማኛል ብሎ ሳይቀላ የለቀመው ዛላ ሲደርቅ ይገረጣል፤ ጣዕሙም የቃሪያ እንጂ የበርበሬ አይሆንም። ሳይደርቅ የተከመረው፣ ለሚዛን ሲባል ውኃ የተረጨውም ይሻግታል፤ ከሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚጠነቀቅ ገበሬ አለ፤ የማይጠነቀቅም አለ። ገዢው ቅላቱን ብቻ ካየ፣ የሚጠነቀቀው ለማን ብሎ ነው?

ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያ በጥቁር ቀይ ቀለሙ የታወቀ ነው፤ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ሌላውን ሁሉ በእሱ ቅላት መለካታችንን ነው። የቡሬ ገበሬ ከገዛ ማሳው ዘር እያስቀረ ያቆየው በርበሬ «ቀለሙ አነሰ» ተብሎ ከተናቀ፣ ነገ ያን ዘር የሚያስቀር አይኖርም።

በፈረንሳይ የኤስፔሌት በርበሬ የሚበቅልባቸው 10 መንደሮች ብቻ ናቸው፤ ሌላው በስማቸው እንዳይነግድ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕግ አስከብረዋል። በርበሬያቸው ለእኛ ምላስ ለስላሳ ነው። የቡሬው ኩንታል ግን መንገድ ላይ ከሌላው ጋር ቢደባለቅ ማን ይጠይቃል?

ያመጣሁትን ሁለት ኪሎ ዛላ አስቀንጥሼ፣ ያለ አንዳች ቅመም ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። ባለ ወፍጮው እፍኝ አንስቶ አሸተተና በሐዘኔታ አየኝ። «ጋሼ፣ ቅመሙን ረሱት እንዴ?» አለኝ።