ቲቸር፣ ቮይስ ልላክ?

ከሃምሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል የአንድ መምህር ጆሮ ለሁሉም አይደርስም። ፊዚክስ የማስተምረው ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራ አይቼ፣ አዲሱን ርዕስ ጀምሬ፣ አንድ ሁለት ምሳሌ ሠርቼ ደወል ይደወላል። «ገባችሁ?» ስል «አዎ» የሚለው ድምፅ ከፊት ወንበር ይመጣል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ምን እንደገባው፣ ምን እንዳልገባው፣ ከሁሉም በላይ ምን ተጣሞ እንደገባው የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስልክና ቴሌግራም ለማስተማር ይጠቅማሉ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ባልደረባ የምሰጠው መልስ ከዚህ ይነሳል። እኔ ለተማሪዎቼ ከምልክላቸው ይልቅ እነሱ የሚልኩልኝ ሥራዬን ለውጦታል።

እኔ ራሴ በስክሪን ከተማረው ትውልድ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለውን ፕላዝማ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የሚቀርለት መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት እነዚያ ማሳያዎች ትልቅ ነገር ነበሩ፤ ውለታቸውን አልክድም። ነገር ግን ስክሪኑ ጥያቄ ሰጥቶ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። የገባውም ያልገባውም እኩል ይታለፋል፤ እጅ የሚያወጣም የለም፣ የሚያይለት ስለሌለ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ሁሉም ወደ ቴሌግራም ሄደ። ቻናል ተከፈተ፣ ሾርት ኖት ተጫነ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች በፒዲኤፍ ጎረፉ። ያ ልማድ ኮሮና ካለፈም በኋላ ቀጠለ። ዛሬ የአንድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስልክ ብታዩ በዕድሜ ልክ ተነቦ የማያልቅ ወርክሺት ታገኛላችሁ። ያወረደውን ሁሉ ያጠናው ይመስለዋል፤ ሚሞሪው ሲሞላም ከፊልም በፊት የሚያጠፋው ፒዲኤፉን ነው። ይህ ፕላዝማው አንሶ ኪስ ውስጥ መግባቱ ነው። መስማት አሁንም አልጀመረም።

የምሠራበትን መንገድ በአንድ ጥያቄ ላሳይ። በክፍሉ ግሩፕ ላይ በቴሌግራም ኩዊዝ ይህን እለጥፋለሁ፦ አንድ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ፤ የከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው? አየሩን እንርሳው። ከምርጫዎቹ መካከል «ዜሮ» አለ፣ «9.8 ወደ ታች» አለ። በየዓመቱ ዜሮን የሚመርጡት ብዙ ናቸው። ኩዊዙ ስንት ልጅ እንደሳተ ይነግረኛል፤ ለምን እንደሳተ አይነግረኝም። ስለዚህ ወዲያው ሁለተኛው መልእክት ይከተላል፦ «ለምን እንደመረጣችሁ በቮይስ ንገሩኝ። ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። በአማርኛም ይቻላል።»

ቮይሶቹ መምጣት ሲጀምሩ ሥራው ይጀመራል። አንዷ እንዲህ ትላለች፦ «ቲቸር፣ ድንጋዩ እዚያ ጋ ቆሟል አይደል? ከቆመ ቬሎሲቲውም አክስለሬሽኑም ዜሮ ነው።» ሌላው ደግሞ፦ «የወረወርንበት ጉልበት ወደ ላይ እየገፋው ነበር፤ ግራቪቲ ደግሞ ወደ ታች። ጫፍ ላይ እኩል ሆኑ፣ ስለዚህ ዜሮ።» ሁለቱም አንድ ሣጥን ነው የነኩት፤ ችግራቸው ግን ለየቅል ነው። ልጅቷ ፍጥነትንና የፍጥነትን ለውጥ አንድ አድርጋለች። ልጁ ግን እጅ ከለቀቀ በኋላ የእጁ ጉልበት ከድንጋዩ ጋር አብሮ የሚጓዝ መስሎታል። አንድ ማብራሪያ ለሁለቱ ብሰጥ አንዱን እስታለሁ። ለእሷ የምመልሰው ጥያቄ ነው፦ «እዚያ ላይ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ድንጋዩ ለምን እዚያው አይቀርም?» ለእሱ ደግሞ፦ «ከእጅህ ከወጣ በኋላ ድንጋዩን ወደ ላይ የሚገፋው ማነው? ጠቁመህ አሳየኝ።» ጥያቄውን ልኬ ዝም እላለሁ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ዓይነት ቮይስ ነው። «9.8 ነው ቲቸር፤ ሁልጊዜ 9.8 ነው ብለውናል።» መልሱ ትክክል ነው፣ ኩዊዙ ላይ አረንጓዴ በርቶለታል፣ ነገር ግን ልጁ ምንም አልያዘም። ቮይሱን ባልሰማ ኖሮ ይህን ልጅ ከገባቸው መካከል እቆጥረው ነበር።

«በአማርኛ» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ክፍል ውስጥ ሳስነሳቸው ልጆቹ ፊዚክሱንና ሰዋስዉን በአንድ ጊዜ ይሸከማሉ፤ ብዙዎቹ ከመሳሳት ዝም ማለትን ይመርጣሉ። ቤታቸው ሆነው በሚያስቡበት ቋንቋ ሲናገሩ ሐሳባቸው ከነጠማማነቱ ይወጣል። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን አልረሳም፤ በነጋታው ያንኑ ነገር ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ እንዲደግሙት አደርጋለሁ። ቀድሞ የጠራ ሐሳብ በሁለተኛ ቋንቋም መንገድ አያጣም።

ቮይስን ከቪዲዮ የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ገንዘብ። የአንድ ደቂቃ ቮይስ አንድ ሜጋባይት አይሞላም። የእናቱን ስልክ ለምኖ፣ በተረፈ ፓኬጅ ለሚገባ ልጅ ትልቅ ቪዲዮ መላክ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

ለስሌት ጥያቄ ደግሞ የደብተር ፎቶ አስልካለሁ። ሕጌ አንድ ነው፦ አትደምስሱ፣ በአንድ መስመር ብቻ ሰርዙ። የተሰረዘው ለእኔ ከተጻፈው ይበልጣል። አንድ ጊዜ የደረሰኝን ገጽ ሳሰፋው ሦስተኛው መስመር ላይ ከ9.8 ፊት የነበረ የመቀነስ ምልክት ተሰርዟል፤ ከሥሩ በሌላ ቀለም ተደምሮ ተሠርቷል። ልጁ ወደ ላይን ፖዘቲቭ ብሎ በትክክል ጀምሮ ነበር፤ መሐል ላይ የራሱን ሥራ ተጠራጠረ። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ቀመሩን እንደገና መማር አይደለም፤ አቅጣጫን አንዴ ከመረጠ እስከ መጨረሻው እንዲጸናበት መንገር ነው የሚበቃው። ንጹሕ ተደርጎ የተገለበጠ ገጽ ይህን አያሳየኝም። አሁን ደግሞ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ቻትጂፒቲን መጠየቅ ስለተለመደ፣ አሳምሮ የተጻፈ ገጽ ሲመጣ «ሁለተኛው መስመር ላይ ይህን ለምን አደረግህ? በቮይስ» እላለሁ። በራሱ የሠራው ልጅ እየተንተባተበም ቢሆን ይነግረኛል።

በየግሩፑ ቶሎ የሚመልስ ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። እሱ መልሱን ከጻፈ የቀሩት ማሰብ ያቆማሉ። ጉብዝናውን ላለመጉዳት መልሱን በስፖይለር ሸፍኖ እንዲልክ አድርጌያለሁ፤ ማየት የፈለገ ራሱ ነክቶ ይከፍተዋል።

በኢንቦክስ አላስተምርም። በተለይ ከሴት ተማሪ ጋር ማታ ማታ ለብቻ መጻጻፍ፣ ሐሳቡ ንጹሕ ቢሆንም፣ ለልጅቷ ሸክም ነው። ቮይስ ወደ ግሩፑ ይገባል፤ ግሩፑ ውስጥ ሌላ የትምህርት ክፍሉ መምህርም አለ። የሰው ስሕተት ለማስተማሪያ ሳወጣ ስሙን ቆርጬ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም አልመልስም፤ እነሱም መተኛት አለባቸው።

ስልክ በትምህርት ቤት ስሙ የጠፋው በከንቱ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተናው ጥያቄና መልስ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዟል። የ2014ቱ ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚያ ውጤት ብዙ ምክንያት አለ፤ ለዓመታት በስልክ ሲዞር የኖረው «ኤ፣ ሲ፣ ዲ» የሚል የመልስ ሰንሰለት ግን አንድም ልጅ ለምን ብሎ እንዲጠይቅ አላደረገም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ስልክ ይዞ መግባትን መከልከላቸው ይገባኛል። የእኔም ሥራ ከክፍል ውጪ ስለሆነ ክልከላው አያደናቅፈኝም።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሲገደቡና እገዳው አምስት ወር ገደማ ሲቆይ ቪፒኤን ያለው ልጅ ገባ፣ የሌለው ቀረ። ያን ጊዜ የጀመርኩት ሩብ ወረቀት ዛሬም አብሮኝ አለ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪው መልሱንና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ በሩ ላይ ያስረክበኛል። ድምፁና የሚንተባተብበት ቦታ ይጎድላል፤ ነገር ግን ስልክ የሌለው ልጅ አይጎድልም። በግሩፑ ላይ የሚሠራ ምንም ነገር ማርክ የለውም፤ እዚያ የተነሳ ሐሳብ ሁሉ በነጋታው ሰሌዳ ላይ ይወጣል።

ይህን ያህል ቮይስ ማን ይሰማል የሚሉኝ ልክ ናቸው። የሁሉንም በየቀኑ መስማት አይቻልም። በሳምንት አንድ ረድፍ አደርሳለሁ፤ ፓኬጁም ከኪሴ ነው። ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር ያቀረብኩት ጥያቄም ከዚህ የመጣ ነው፦ ለላይብረሪው ሁለት ተራ ስማርትፎንና ሁለት ማዳመጫ፣ ከነወርኃዊ ዳታቸው። ቤት ውስጥ ስልኩ በወንድሟ እጅ ያለ ልጅ ከምሳ በኋላ መጥታ ቮይሷን ትላክ፤ መልሱንም እዚያው ትስማ። ላይብረሪያኗ የስልኮቹን መዝገብ ለመያዝ ፈቃደኛ ሆናለች፤ የቀረው በጀቱ ነው።