«ድፍረት»ን ከሲሬ ሆኖ ማየት

የብራዚሉ ፊልም «የእግዚአብሔር ከተማ» ወንጀልን ከድሆች ሰፈር ውስጥ ሆኖ አሳይቶናል። ለእኛ ለሲሬ ሰዎች ግን ይበልጥ የሚቀርበን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው፤ መነሻው እዚሁ አርሲ የተፈጸመ እውነተኛ ጠለፋ ነዋ! የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ከበው ይወስዷታል። ጠመንጃ ይዛ ታመልጣለች፤ ጠላፊዋ ሲደርስባት ተኩሳ ትገድለዋለች።

እጅግ የማደንቀው ግድያውን የሚዳኘውን የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ዘረሰናይ ጭራቅ አላደረጋቸውም፤ ያደጉበትን ወግ ከልባቸው አምነው ሲከራከሩ ያሳየናል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሂሩትን የምትጫወተው ትዝታ ሀገሬ በዝምታዋ፣ ሜሮን ጌትነት ደግሞ ጠበቃዋን መዓዛ አሸናፊን ሆና ልብ ይነካሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ፊልሙ በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን አግብቶ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ዘግቷል፤ ጠለፋ ግን ከገጠራችን ገና አልጠፋም። ወላጆች፣ ከወንዶች ልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት።