የዑሪ ፊልም ወይስ የሚካ?

የሞሼ ሻሚር ድርሰት «ሁ ሃላኽ ባሳዶት» (እርሱ በማሳዎች መካከል ሄደ) አገሪቱ ከተመሠረተች ሦስት ሳምንት ሳይሞላት፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በካሜሪ ቴአትር በተውኔት ታየ። አዘጋጁ ዮሴፍ ሚሎ በ1967 ፊልም አደረገው።

ተመልካች የሚያለቅሰው ለዑሪ ነው፤ የቂቡጽ ልጅ፣ የፓልማኽ ተዋጊ ነውና። አሲ ዳያንም ደኅና አድርጎ ተጫውቶታል። እኔን የያዘችኝ ግን ከአውሮፓው እልቂት ተርፋ የመጣችው ፍቅረኛው ሚካ ናት። እርሱ ሲሞት ፅንሱን ይዛ ትቀራለች። ፊልሙ ያለፈችበትን መከራ በችኰላ ነክቶ ወደ ዑሪ ጀግንነት ይሮጣል። ከቅርያት ማልአኪ፣ ከገደራና ከያቭኔ ሆነን ለምናየው፣ ብዙዎቻችን ዘመድ በሱዳን ቀብረን የመጣን ነንና፣ ይህ ጉድለት አያመልጠንም።

ለልጆቻችሁ ስታሳዩአቸው ሚካ ዝም ስትል ፊልሙን አቁሙና ስለ ኡም ራኩባ ንገሯቸው።