ዲኤክስ ስቴሽን በጣርማበር ዳገት

ሸዋሮቢት ላይ በልክ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው ከአንዲት መኪና ብዙ ነገር ይጠብቃል። ከአካባቢው ከቀወት ማሳ ሽንኩርትና ማሾ ታውጣለት፤ እሁድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ታድርሰው፤ ሌሊት ሰው ሲታመም ደብረ ብርሃን ድረስ ትውጣለት፤ ለሠርግና ለለቅሶ ቤተሰቡን ሁሉ ትያዝለት። ፒክአፕ ዕቃውን ይችለዋል፤ ቤተሰቡን ግን ለፀሐይና ለአቧራ ይሰጣል። የቤት መኪና ሰዉን ትይዛለች፤ ኩንታል ስታይ ግን በሯ ይጠባል። ሚኒባስ ሁለቱንም ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከአንድ ገበሬ ወይም ከአንድ መምህር አቅም በላይ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ስቴሽን ላይ ያርፋል። በአነስተኛ ገንዘብ የሚገኝ ስቴሽን ሲባል ደግሞ መጀመሪያ የምትታሰበው የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት።

ዲኤክስን ሰው የሚያወራላት በናፍቆት ነው፤ አትሰበርም፣ አትከዳም ይባልላታል። እኔ እንደ አንድ የእጅ ሥራ ልመዝናት እፈልጋለሁ፤ ምን ታስቦ ተሠራች፣ የት ተሳካላት፣ የት አቃታት ብዬ። ሚዛኔም ከሸዋሮቢት በጣርማበር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው መንገድ ነው። በሸዋሮቢት ዙሪያ ላለው ለይፋት ሜዳ እንደ ዲኤክስ ስቴሽን የሚስማማ ርካሽ መኪና አላውቅም። ከፋብሪካ ይዛው በመጣችው ሞተር ግን ጭነት ይዛ ለጣርማበር አትበቃም፤ ይህንን ሳያውቅ የሚገዛት ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ያስይዛል።

መኪናዋ የኮሮላ አራተኛ ትውልድ ናት። ማምረቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ የቤት መኪናዋ በጃፓን በ1983 ለተተኪዋ ቦታ ስትለቅ ስቴሽኗ እስከ 1987 ድረስ መመረቷን ቀጠለች። ቶዮታ እንዲህ ያደረገው በምክንያት ነው። ተከታዩ ትውልድ በአመዛኙ በፊት ጎማ ወደሚነዳ አሠራር ዞረ፤ ዕቃ የሚጭኑት ደንበኞች ግን የሚፈልጉት የኋላ ጎማ የሚገፋትን፣ ከኋላ ወፍራም አክስልና ባሌስትራ ያላትን መኪና ነበር። ጭነቱ ከኋላ ሲያርፍ የሚገፋው ጎማ መሬቱን ይበልጥ ይቆነጥጣል። ከካራቆሬ ወደ ማጀቴ በሚገባው ዓይነት መንገድ ላይ፣ ጠጠር በበዛበት ሽቅብ፣ ይህ ልዩነት ወዲያው ይታወቃል። የፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ከኋላ ሲከብዳት አፍንጫዋ ይነሳና ጎማዋ ጠጠር መርጨት ይጀምራል፤ ዲኤክስ ግን እየተንቀራፈፈችም ቢሆን ትወጣለች።

ባሌስትራዋን ከቅርብ ማየት ይገባል። የኋላው መቀመጫ ታጥፎ የሽንኩርት ጆንያ ሲደረደርባት በቀስት ቅርጽ የተሠሩት ቅጠሎች ቀስ እያሉ ይለጠጣሉ፤ ቀጥ ወዳለ መስመር ሲደርሱ መጫኑን ማቆም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ግን አያቆምም፤ ጋራዥ ወስዶ አንድ ተጨማሪ ቅጠል ያስገባባታል። ቅጠሉ ጀርባዋን ቀና ያደርገዋል፤ ፍሬኗን፣ ጎማዋንና ሞተሯን ግን አያጠነክርም። ራሷ አንድ ቶን የማትሞላ መኪና ናት። ሾፌሩና አራት ጎልማሳ ከገቡባት በኋላ ለዕቃ የሚቀራት ጥቂት ነው፤ ፖርቶ መጋላዋ ላይ የሚታሰረው ሁሉ ከዚህ በላይ የሚመጣ ዕዳ ነው።

ወደ ዳገቱ እንምጣ። ሸዋሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው፤ በአርማንያ በኩል ደብረ ሲና ተደርሶ፣ ከደብረ ሲና ደግሞ ዋናው ጥምዝምዝ ይጀምራል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። በዲኤክስ ላይ በብዛት የሚገኘው 4ኬ የሚባለው ሞተር 1,290 ሲሲ ነው፤ አዲስ ሆኖ በባሕር ዳርቻ ከፍታ የሚሰጠው ጉልበት 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ወደ 40 ይጠጋል። ይህ እንግዲህ ፋሻው ላልተበላ፣ ቴስታታው ላልተነካ ሞተር ነው፤ አርባ ዓመት የሠራው ሞተር ደግሞ ሲነሳም ከዚያ በታች ነው የሚነሳው።

ጉልበት ማነስ ብቻ ቢሆን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተቱ መድረስ ይቻል ነበር። አደገኛው ሙቀቱ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ገደማ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን ውሃ እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው። ስለዚህ ሞላው የደከመ ክዳን ቆላ ላይ ምንም ሳይታወቅ ይከርምና ጣርማበር ላይ ሞተር ያቃጥላል። የአንዲት ክዳን ዋጋ ከቴስታታ ማስላጫና ከጓርኒሲዮን ጋር አይወዳደርም። በቆላው ጋራዦች ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣልም የተለመደ ነው፤ ሙቀት ይቀንሳል ተብሎ። ያለ ቴርሞስታት ግን ሞተሩ በደብረ ብርሃን ብርድ በትክክል ሳይሞቅ ይሠራል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። መኪናዋ እንድትኖር የተፈለገው በሁለት አየር ንብረት ነው፤ አንዱን ብቻ እያሰበ የሚጠግናት መካኒክ በሌላው ይጎዳታል።

ካርቡሬተሩም እንዲሁ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር ላይ፣ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ካርቡሬተር ሸዋሮቢት ሲወርድ ወፍራሙን አየር ያገኝና ቤንዚን ያንሰዋል፤ በዚያ ሙቀት ሞተሩ ያንኳኳል፣ ይግላል። ሸዋሮቢት የተስተካከለው ደግሞ ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ከደብረ ሲና በላይ መንገድ ዳር ቆመው ካንዴላ ፈትተው የሚያጸዱ ሾፌሮች ብዙ ጊዜ መኪናዋን ነው የሚወቅሱት። እኔ ግን ጥፋቱን በእሷ ላይ አልጥልም፤ በዘመኗ ካርቡሬተር የነበረው አብዛኛው መኪና ይህ ድክመት ነበረበት። መፍትሔው ማስተካከያውን በዝቅተኛው ቦታ፣ በሸዋሮቢት ማድረግና ሽቅቡ ላይ የምትተፋውን ትንሽ ጭስ መታገሥ ነው።

ስለ ሽቅቡ ይህን ያህል ከተናገርሁ፣ ስለ ቁልቁለቱ ደግሞ የበለጠ መናገር አለብኝ። በዚህ መንገድ ላይ ሽቅቡ ገንዘብ ያስወጣል፤ ቁልቁለቱ ግን ሰው ይገድላል። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ በተለይ ጉም በወደቀ ጊዜ፣ መንገዱ ጥቂት ሜትር ፊት ለፊት ብቻ ይታያል። ቆሎ ለመግዛት ደብረ ሲና የሚቆም ሰው ከመኪናው ሲወርድ የሚቀበለው ሽታ አለ፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ። ያ ሽታ ፍሬኑ የመጨረሻ አቅሙ ላይ እንደደረሰ ይናገራል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ይተዋል፤ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናዋ አትቆምም። የዲኤክስ ፍሬን ለራሷ ክብደት በቂ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ለተቆለለው ጆንያ ግን አልተሠራም። ትንሽ ሞተሯም ቁልቁለት ላይ ይዞ የማስቀረት አቅሙ ትንሽ ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር ለእሷ የግድ ነው።

ከዚህ አንጻር ተቀናቃኟን ፔጆ 504ን ማስታወስ ፍትሐዊ ነው። ፔጆ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጥታ በ1969 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለች ናት፤ ስቴሽኗ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች። ከዲኤክስ ትረዝማለች፣ በሦስት ረድፍ መቀመጫ የምትመጣም ነበረች፤ ሁለት ሊትር የሚጠጋው የቤንዚን ሞተሯ ጉልበቱ ወደ 90 ይደርሳል። ለጣርማበር ከዲኤክስ ይልቅ የተመቸች ሥራ መሆኗን ለመካድ አልችልም። ባሌስትራ ጀርባቸውን የሚነርታቸው የዲኤክስ ተሳፋሪዎች በፔጆ ሞላ ላይ ቢቀመጡ ልዩነቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይናገሩታል። ነገር ግን ዛሬ ፔጆ የሚገዛ ሰው መኪና ብቻ ሳይሆን ዕቃ ፍለጋም ይገዛል። የዲኤክስን የውሃ ፓምፕ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ኩሽኔታ የፈለገ ሰው ሸዋሮቢት ባያገኝ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አያጣም፤ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ይደርስለታል። ምርጥ መኪና መለዋወጫ አጥታ ግቢ ውስጥ ከምትቆም፣ መካከለኛዋ ብትሠራ ይሻላል። በዚህ ላይ ለፔጆ አላደላም።

ታዲያ ዲኤክስን በልኳ ያዙ ብሎ ዝም ከማለት፣ የሚሻል ምርጫ አለ። ከ4ኬ ቀጥሎ የመጣው 5ኬ ሞተር 1,486 ሲሲ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ሥራ ስለሆኑ በቀድሞው ቦታ ያለ ብዙ ችግር ይገባል። በመጠን 15 በመቶ ብልጫ አለው፤ ብልጫው የሚሰማው ደግሞ በፍጥነት ሳይሆን ከታች፣ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ሲያዝ ነው። 5ኬ የተገጠመላት፣ ራዲያተሯ የታጠበ፣ ፍሬኗ የታደሰ ስቴሽን ለዚህ አካባቢ በርካሽ የምትገኝ፣ ጉልበትና አገልግሎት ያላት መኪና ናት ብዬ አምናለሁ። ግን ገዢው ከኮፋኖው ሥር ከመደሰቱ በፊት ሊብሬውን ይክፈት። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ለውጡ በትራንስፖርት ቢሮ አልተመዘገበም ማለት ነው፤ ስም ሲዛወር ወይም ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ጣጣው የገዢው ነው። ደላላ ይህን በውክልና እናልፈዋለን ካለ፣ ያንን ገበያ ትቶ መሄድ ነው። ኮድ 2 የግል ሰሌዳ ያላት መኪና በክፍያ ሰውና ዕቃ ልትጭን እንደማትችልም አብሮ ይታሰብ፤ ብዙዎች መኪናዋ ራሷን ትከፍላለች ብለው የሚያሰሉት ስሌት እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ላሜራውን በሚመለከት አጭር ልሁን፤ የኋላውን በር ጎማ ገልጦ ከሥሩ ማየትና የስኮርታውን ማስቀመጫ ወለል በጣት መጫን በቂ ነው። አዲስ ቀለም የበዛበት ቦታ ሁሉ ይጠርጠር።

በዚህች መኪና ላይ ይቅር የማልለው ነገር የኋላ ወለሏ ነው። ጥፋቱ የቶዮታ አይደለም፤ የእኛ አጠቃቀም ነው። ከመቀመጫው ኋላ ያለው ቦታ ለዕቃ የተሠራ ነው፤ ቀበቶ የለውም፣ መደገፊያ የለውም፣ ከሕፃናቱ ጀርባና ከኋላ በሚመጣው የጭነት መኪና መካከል አንድ ስስ በር ብቻ ነው ያለው። በሠርግና በዓመት በዓል ሰሞን ግን እዚያ ላይ ልጆች ይደረደራሉ። መኪናዋ በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ የአየር ከረጢት በማይታሰብበት ዘመን የተሠራች ናት፤ የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ደግሞ ከባድ መኪኖች ቀንና ሌሊት የሚመላለሱበት ነው። ቤተሰቡ ከአምስት ሰው ከበለጠ ዲኤክስ አትበቃውም፤ ሁለት ጊዜ ትመላለስ ወይም ሕዝብ ማመላለሻ ይያዝ።

ይህን ሁሉ የምናወራው ሌላ ምርጫ ስለጠበበ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። አርጅታ መርከስ የነበረባት ዲኤክስ ዋጋዋን ይዛ የቆመችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሻጮች እንደሚሉት በጥራቷ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የተጠየቀውን ዋጋ እንደ ጥራት ማረጋገጫ መቁጠር ስህተት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናን ጉዳይ በዚህ መንገድ ላይ በቁም ነገር ማየት ያለብንም ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጣርማበር ላይም ሸዋሮቢት ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ የያዘውንም ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬኑ ሸራ ያርፋል። ዲኤክስ ባቃታት በሁለቱም በኩል ይህ መኪና ይበልጣታል። ነገር ግን ዛሬ የሚገቡት አብዛኞቹ ለከተማ አስፋልት የተሠሩ፣ ሆዳቸው ለመሬት የቀረበ፣ ጆንያ ማስገቢያ የሌላቸው ናቸው። ስቴሽን ሆኖ፣ ከኋላ ጠንካራ፣ ከሥር ከፍ ያለ፣ በደብረ ብርሃንና በሸዋሮቢት ባትሪ የሚሞላበት ቦታ ያለው መኪና እስኪመጣ ድረስ የቀወት ሽንኩርት አምራች ከሶማሌ ተራ ክዳንና ሸራ መፈለጉን አይተውም። አስመጪዎችና የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ምን ዓይነት መኪና እንደሚያስፈልግ ሲመክሩ ከቦሌ ጎዳና ተነስተው አንድ ቀን ጆንያ ጭነው ከሸዋሮቢት ደብረ ሲና ይውጡ፤ ሌላውን ጥናት ከዚያ በኋላ ይያዙት።