ቀለህ የማይጥል እጅ

በጃናሞራ ደረስጌ ማርያም አለች። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑባት። የውቤ ነፍጠኞች ባሩድና እርሳስ በየአፈሙዙ የሚያጎርሱ ሰዎች ነበሩ። ኋላ ውጅግራ ሲመጣ የለመደው እጅ ሥራ አልፈታም።

ውጅግራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ጥይቱን የምወድለት ለባለ እጅ ስለሚመች ነው። አረሩ ልባስ የሌለው እርሳስ ነው፤ በምድጃ ይቀልጣል፣ በቅርጽ ይፈሳል። ባሩዱም ጥቁሩ ነው፤ ድኙን፣ ከሰሉንና ከአፈር ታጥቦ የሚወጣውን ነጭ ጨው ያገሬው ሰው ያውቃል። ከባዱ ነገር ቀለሁ ነበር። የነሐስ ቀለህ ከባሕር ማዶ እንጂ ከሰሜን ተራራ አይገኝም፤ ስለዚህ ተኳሽ ከተኮሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፣ ይጠርጋል፣ እንደገና ያጎርሳል። ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ በሚመነዘርበት ዘመን ባዶ ቀለህ መጣል ንብረት መጣል ነው።

ከሁሉ የማደንቀው ጥንቃቄውን ነው። ባሩድ ከእሳት ይርቃል፣ ከእርጥበት ይጠበቃል፤ የሰሜን ጭጋግ ደግሞ ለባሩድ ምሕረት የለውም። በጎንደርና በሰሜን ብረቱን የሚያበጁት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ነበሩ። ውጅግራም በተተኮሰበት በዓድዋ ድል ስንኮራ የእነዚህን ባለ እጆች ውለታ አሳንሰን ማውራታችን ያሳዝነኛል።

ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ግፊቱ በረታ፣ አረሩም ልባስ ለበሰ፤ ያ በምድጃ ዳር የሚሠራ ጥይት ለአዲሶቹ ጠመንጃዎች የሚሆን አልነበረም።