ስለ ሰብዓዊ መብት የተጻፈው የውል አንቀጽ
ከሎሜ እስከ ሳሞአ ባሉት የሽርክና ስምምነቶች ላይ የቀረበ ትችት

በቀድሞው የአገራችን ልማድ አንድ ሰው በመንገድ ላይ ሲበደል «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ በዳዩ ባለበት መቆም ግዴታው ነበር። ከዚያም ሁለቱ ነጠላቸውን ተቋጥረው ከዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ ዳኛ በአቅራቢያው ባይገኝ መንገደኛው እንኳ ተለምኖ ነገራቸውን ይሰማል። የዚህ ልማድ ቁም ነገሩ ሕጉን ከተኛበት የሚቀሰቅሰው የተበደለው ሰው ራሱ መሆኑ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም በአውሮፓና በአፍሪካ፣ በካሪቢያንና በፓሲፊክ አገሮች መካከል በተደረጉት የሽርክና ውሎች ውስጥ የገባውን የሰብዓዊ መብት አንቀጽ በዚሁ ሚዛን መመዘን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የነገሩን አመጣጥ እንመልከት። በየካቲት 1975 በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 9 የአውሮፓ ኤኮኖሚ ማኅበር አገሮችና 46 የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓሲፊክ አገሮች የንግድና የእርዳታ ውል ተዋዋሉ። ኢትዮጵያም ከ46ቱ አንዷ ነበረች። ፊርማው የተፈረመው በኅዳር 1974 በአዲስ አበባ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ከተረሸኑ ከሦስት ወር በኋላ ነው። በውሉ ውስጥ ግን ስለ ሰው መብት የሚናገር አንድም አንቀጽ አልነበረም። የኢዲ አሚን መንግሥት በኡጋንዳ ብዙ ደም ባፈሰሰ ጊዜም ማኅበሩ ውሉን ለማገድ የሚያስችለው ቃል አላገኘበትም። ስለዚህ በ1977 የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት ለኡጋንዳ የሚሰጠው እርዳታ የሕዝቡን መብት መገፈፍ የሚያጠናክር ወይም የሚያራዝም እንዳይሆን የሚል መመሪያ ከማውጣት አላለፈም።

በ1989 የተፈረመው አራተኛው የሎሜ ውል በ5ኛው አንቀጽ ሰብዓዊ መብትን አነሣ። በ1995 በሞሪሸስ ሲሻሻል ደግሞ ይኸው መብት የውሉ «መሠረታዊ አካል» ተባለ። ይህ ቃል ለጌጥ የገባ አይደለም። በ1969 በቪየና የወጣው የውሎች ሕግ በ60ኛው አንቀጽ እንደሚለው፣ ለውሉ ዓላማ መሠረታዊ የሆነውን ቃል አንዱ ወገን ሲጥስ ሌላው ወገን ውሉን ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ መብትን «መሠረታዊ አካል» ማለት ለማገጃው በር ቁልፍ ማበጀት ነበር። በሰኔ 2000 በቤኒን አገር በኮቶኑ የተፈረመው ስምምነት ይህን በ9ኛው አንቀጽ ደገመውና የአሠራሩን ሥርዓት በ96ኛው አንቀጽ ዘረዘረው። በዚህ አንቀጽ መሠረት፣ አንዱ ወገን ሌላው ግዴታውን አፍርሷል ብሎ ሲያስብ ለምክክር ይጠራዋል። በ2005 እንደ ተሻሻለው ምክክሩ ከጥሪው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ተጀምሮ ከ120 ቀን ሳይበልጥ ያልቃል፤ ስምምነት ካልተገኘ «ተገቢ እርምጃ» ይወሰዳል። ውሉን በሙሉ ማገድ የመጨረሻው መድኀኒት ነው።

አንቀጹ ፈጽሞ ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ከእነርሱ ጋር አንስማማም። የቶጎ መንግሥት በሚያዝያ 2004 በዚህ ምክክር ላይ 22 ግዴታዎችን በጽሑፍ ገባ፤ በዚያው ዓመት የፕሬስ ሕጉ ተሻሽሎ በጽሑፍ ምክንያት መታሰር ከሕጉ ወጣ። ተስፋው ተቈጥሮ ሲጻፍና ቀን ሲቈረጥለት ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። የእኛ ትችት ሌላ ነው፤ ይኸውም አንቀጹ የተጻፈው በተበደለው ሰው ስም ሆኖ ሳለ ሰውየው ግን በሥርዓቱ ውስጥ የትም ቦታ አለመኖሩ ነው። ይህንም በሦስት ጥያቄዎች እናስረዳለን።

አንደኛ፣ ጠሪው ማን ነው? የአንቀጹ ቃል ሁለቱንም ወገን እኩል ያስገድዳል። በሥራ ላይ በዋለባቸው ጊዜያት ሁሉ ግን ጠሪዋ አውሮፓ፣ ተጠሪው ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያን ወይም ከፓሲፊክ አገሮች አንዱ ነበር። ፊጂ፣ ሃይቲ፣ ዚምባብዌ፣ ጊኒ፣ ሞሪታኒያ፣ ማዳጋስካር፣ ኒጀርና ብሩንዲ ተጠርተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአንቀጹ ጉልበት ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡም የሚፈሰው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ተቀባዩ በሰጪው ላይ ሊያግድበት የሚችለው ምን አለው? ሰጪው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱም ፍርድ አስፈጻሚ ሆኖ ሲቀመጥ ያን ሽርክና ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ ምን ሲደረግ ነው የሚጠራው? የተጠቀሱትን አገሮች ታሪክ ስናይ አብዛኛውን ጊዜ ጥሪውን ያመጣው በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን መያዝ ወይም የተበላሸ ምርጫ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲናወጥ አንቀጹ ይነቃል። በእስር ቤት ያለ ፍርድ ዓመታት የሚቈጥረው እስረኛ ግን ስንት ጊዜ ቢጮኽ አይሰማውም። ከአገራችን ታሪክም ምሳሌ አለ። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰልፈኞች በጥይት ሞቱ፤ የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞችም ታሰሩ። እርዳታ ሰጪዎች በቀጥታ ለመንግሥት በጀት የሚሰጡትን ድጋፍ አቆሙ፤ ነገር ግን በ96ኛው አንቀጽ የተጠራ ምክክር አልነበረም። በጥር 2021ም በትግራይ በነበረው ጦርነት ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት 88 ሚሊዮን ዩሮ የሚሆን የበጀት ድጋፍ ሲያዘገይ በዚሁ አንቀጽ አልተጠቀመም። የተጻፈው ሥርዓት እያለ በጎን በሚሰጥ ውሳኔ ሲሠራ፣ ቀን የሌለው፣ ግዴታዎቹም ያልተቈጠሩ ነገር ይሆናል። ተበዳዩም ምን እንደ ተጠየቀለትና ምን እንደ ተመለሰ ሊያውቅ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ቅጣቱን የሚከፍለው ማን ነው? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ተማሪ ሲያጠፋ የክፍሉ ሁሉ እራት ይቀር ነበር። ያጠፋው ልጅ ከወጥ ቤት ወዳጅ አያጣም፤ ተርቦ የሚያድረው ምንም ያላደረገው ነበር። መንግሥታትን በእርዳታ ማገድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚምባብዌ ላይ በየካቲት 2002 የተጀመረው የ96ኛው አንቀጽ እርምጃ በየዓመቱ እየታደሰ እስከ 2014 ቆየ፤ ፕሬዚዳንት ሙጋቤ ግን እስከ 2017 በሥልጣን ላይ ነበሩ። አውሮፓውያንም ይህን ችግር ሳያዩት አልቀሩም። ከ2005 በኋላ በኢትዮጵያ ገንዘቡ ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች ደመወዝ እንዲውል በሌላ መንገድ ወደ ወረዳዎች ተላከ። በ2016 በብሩንዲም ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥተኛ ድጋፍ ሲታገድ ለሕዝቡ የሚደርሰው እንዲቀጥል ተደረገ። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ሆኖም የሰጪው ቸርነት እንጂ የተበዳዩ መብት ሆኖ አልተጻፈም።

አሁን አንድ ተቃራኒ ምሳሌ እናቅርብ። በግንቦት 2009 የኢጣሊያ መርከቦች በሜድትራንያን ባሕር ላይ ያገኟቸውን ስደተኞች ማንነታቸውን ሳይመረምሩ ወደ ሊቢያ መለሷቸው። ከእነርሱም 24ቱ፣ 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን፣ በስትራስቡርግ ባለው የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ኢጣሊያን ከሰሱ፤ በየካቲት 2012ም ረቱ። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የኮቶኑ ውል 9ኛ አንቀጽ አውሮፓንም ያስገድድ ነበር፤ ሆኖም ስለ እነዚህ ሰዎች ኢጣሊያን ወይም ኅብረቱን ለምክክር የጠራ መንግሥት አልተገኘም። ያዳናቸው ሌላ በር ነበር፤ እርሱም ተራ ሰው ሊያንኳኳው የሚችል በር ነው። እነዚህ 24 ሰዎች «በሕግ አምላክ» ብለው አንድ ትልቅ መንግሥት አቆሙ። የሽርክናው ውል ያጣው ይህን ነው።

«ይህ በውስጥ ጉዳያችን መግባት ነው» የሚል ተቃውሞ ከመንግሥታቶቻችን በኩል እንደሚነሣ እናውቃለን። ይህን ክርክር ሙሉ በሙሉ ለመቀበል አንችልም። ኢትዮጵያ በ1948 ለሰብዓዊ መብቶች ሁሉ አቀፍ መግለጫ ድምፅ ከሰጡት አገሮች አንዷ ናት፤ የአፍሪካ የሰውና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርንም ተቀብላለች። በገዛ ፊርማ የታሰሩበትን ነገር የባዕድ ትእዛዝ ነው ማለት አይቻልም። ደግሞም ሉዓላዊነት የሕዝብ ከሆነ የሚደፈረው እስረኛው ሲጠየቅለት ሳይሆን ያለ ፍርድ ሲታሰር ነው።

የኮቶኑን ውል የተካው ስምምነት በኅዳር 2023 በሳሞአ ዋና ከተማ በአፒያ ተፈርሞ ከጥር 2024 ጀምሮ በጊዜያዊነት ይሠራበታል። ሰብዓዊ መብትን እንደ መሠረታዊ አካል አቆይቷል፤ ምክክሩንም አቆይቷል። ለተበደለው ሰው የተከፈተ በር ግን በዚህም አላገኘንም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲታሰቡ እናሳስባለን። ማንኛውም ሰው ወይም ማኅበር አቤቱታውን ለሁለቱ ወገኖች በእኩል ቍጥር ለተመረጡ ሰሚዎች የማቅረብና በተቈረጠ ቀን የጽሑፍ መልስ የማግኘት መብት ይኑረው፤ አቤቱታው በአውሮፓ መንግሥታት ላይም ይቀርብ ዘንድ ይፈቀድ፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የሚነካ እርምጃም በውሉ ቃል ይከልከል።

ይህ አሳብ ጉድለት እንደሚኖረው አንጠራጠርም። የሕግና የኤኮኖሚ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችንና መምህሮቻችን በሚቀጥለው እትም ቢያርሙን ደስ ይለናል። አንድ ነገር ግን ሳንናገር ለማለፍ አንፈልግም። ከእኛ መካከል ነገ በውል ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ይኖራሉ። ያን ቀን ብዕራቸውን ሲያነሡ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ካለው ተዋዋይ በላይ፣ ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚጮኸውን ሰው ይስሙት።