ሲባጎና ችካል የታጠቁ የወፍ ዘበኞች

ክብደቷ 50 ግራም ገደማ ለሆነች ወፍ ዘበኛ ይቀጠርላታል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ይቀጠርላታል እንጂ! ያውም በሰዓት እየተከፈለው፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ፣ ፀሐይና ነፋስ ሳይል አሸዋ ለአሸዋ እየዞረ የሚጠብቃት ዘበኛ። ይህን ሥራ ካወቅሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በወሬው አሰልችቻለሁ። አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

ቦታው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ነው፤ ኬፕ ኮድና አካባቢው ያለው የአትላንቲክ ዳርቻ። ወፏ ፓይፒንግ ፕሎቨር ትባላለች። ጀርባዋ የደረቀ አሸዋ መልክ አለው፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ቀለበት፣ እግሯ ብርቱካናማ። የብርዱን ወራት በደቡባዊው የአሜሪካ ዳርቻና በባሃማስ ደሴቶች አሳልፋ፣ ቅዝቃዜው ገና ሳይለቅ ትመለሳለች። ጎጆዋን ጎጆ ለማለት ይከብዳል፤ ወንዱ አሸዋውን ጫር ጫር አድርጎ የሚያበጃት ጎድጓዳ ናት፣ በቃ። እዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 4 እንቁላል ይጣላል፤ እንቁላሉም አሸዋ መሳይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት። በነጠላ ጫማ የሚንሸራሸር ሰው ረግጦት ቢያልፍ አያውቀውም።

ዘበኞቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወይም ገና የተመረቁ ወጣቶች ናቸው። ጎጆ እንዴት እንደሚፈልጉ ስሰማ ነው ልቤ የተሰረቀው። በማለዳ፣ ነፋሱ ዱካውን ሳያጠፋው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው አሸዋውን ያነባሉ! ባለ ሦስት ጣቱ ዱካ የት እንደሚበዛ፣ የት እንደሚዞር፣ የት ደጋግሞ እንደሚመላለስ እያዩ ይከተላሉ። እንቁላሎቹን ሲያገኙ ዙሪያውን ችካል ይተክላሉ፣ ሲባጎ ይወጥራሉ፣ ማስጠንቀቂያ ይሰቅላሉ። አጥሩ ይኸው ነው። ሲባጎ ለሰው እንጂ ለቀበሮ ስለማይሆን ግን፣ በአንዳንድ ቦታ ጎጆውን በሽቦ መረብ ይከልሉታል፤ ቀዳዳው ወፏን ያሳልፋል፣ ቀበሮና ቁራን ያስቀራል። ከዚያ ራቅ ብለው በመነጽር ይጠብቃሉ። ወፏ ተመልሳ እንቁላሏን ታቀፈች? እሰየው! በተወሰነላት ጊዜ ካልተመለሰች ግን መረቡ ይነሳል፤ የመጨረሻዋ ፈራጅ ወፏ ናት።

ዋናው ጭንቅ የሚመጣው ከተፈለፈሉ በኋላ ነው። አራት ሳምንት ገደማ ታቅፈው የወጡት ጫጩቶች ቡና ስኒ ውስጥ ቢገቡ ቦታ ይተርፋቸዋል፤ ግን በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ሮጠው ራሳቸውን ይመግባሉ። ወላጆቻቸው አያጎርሷቸውም። ስለዚህ ያንን ሁሉ አጥር ጥለው ወደ ውኃው ዳር፣ ባሕሩ የተፋው አረም ውስጥ ነፍሳት ለመልቀም ይፈተለካሉ! አደጋ ሲመጣ እናትና አባት ክንፋቸው የተሰበረ መስለው እየተንፏቀቁ ጠላትን ያዘናጋሉ። ጫጩቶቹ ደግሞ ባሉበት ድርቅ ብለው ይለጠፋሉ፤ የተለጠፉት የመኪና ጎማ ባወጣው ቦይ ውስጥ ከሆነስ? ለዚህ ነው ጫጩት ባለበት አንዳንዱ ዳርቻ ለመኪና የሚዘጋው።

ይህ ደግሞ የሚሆነው ሕዝቡ ወደ ባሕር በሚጎርፍበት፣ ጁላይ 4 የነጻነት በዓላቸው በሚከበርበት ሰሞን ነው። ቁጣው አይጣል! ወፏ «ጣዕሟ እንደ ዶሮ ነው» የሚል ተለጣፊ መኪናቸው ላይ የለጠፉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የዘበኛው ግማሽ ሥራ ሰው ማግባባት ነው። በእኔ ግምት ከክርክር ሁሉ የሚበልጠው የተቆጣውን ሰው «ና፣ እስቲ በዚህ መነጽር እየው» ማለት ነው። ጫጩት እያየ ተቆጥቶ የሚቆይ ሰው ብርቱ ነው።

ሥራው ሽርሽር ነው እንዳትሉኝ። አንድ ሌሊት የባሕር ማዕበል ወጥቶ የሳምንታትን ልፋት ጠራርጎ ይወስዳል፤ ወፏ ግን ብዙ ጊዜ እንደገና ጭራ እንደገና ትጥላለች። ጎረቤቷ ሊስት ተርን የምትባለው ወፍማ ጎጆዋን ሊጠብቅላት የመጣውን ሰው ከላይ ተወርውራ ኩሷን ትለቅበታለች። ደህና ባርኔጣ አድርጎ የሚሄድ የለም!

ውጤቱን ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1986 ወፏ በአሜሪካ ሕግ ጥበቃ ሲደረግላት፣ በማሳቹሴትስ የቀሩት ጥንዶች 140 አይሞሉም ነበር። ዛሬ ከ1,000 በላይ ናቸው። ሕጉ ባይኖር አይሆንም ነበር፣ እውነት ነው፤ ሕጉን አሸዋው ላይ የተከሉት ግን እነዚህ ወቅታዊ ሠራተኞች ናቸው። በችካል! በሲባጎ! በየዓመቱ ከሚቀጥሯቸው አንዱ ማስ ኦዱቦን የተባለው ድርጅት ነው፤ እሱንም በ1896 የመሠረቱት ሃሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል የተባሉ ሁለት የቦስተን ሴቶች፣ ለባርኔጣ ጌጥ ሲባል የሚካሄደውን የወፍ ጭፍጨፋ ተቃውመው ነበር።

ባሕር የለንም ብለን የምናልፈው ነገር እንዳይመስለን። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ረግረግ፣ በክረምት የምትራባውን ነጭ ክንፍ ያላትን ብርቅ ወፍ የአካባቢው ነዋሪዎች ከብት እንዳይረግጣት ሲጠብቋት ኖረዋል። ሙያው ለእኛም ባዕድ አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሥነ ሕይወት ወይም አካባቢ ጥበቃ የሚያጠና ልጅ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩት። የቅጥሩ ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚወጣው በብርዱ ወራት ነው፤ አንዳንዱ መኖሪያም ጭምር ይሰጣል። ከጃንዋሪ ጀምሮ ይፈልግ፣ ያመልክት።